ያልነበርኩበት በረሃ

ቤታችን ውስጥ «እዚያ» ከተባለ የት ብሎ የሚጠይቅ የለም። እዚያ ማለት ሱዳን ነው፤ ከሱዳንም በሰሜን በኩል ያለው የበረሃ ግዛት፣ ወንዙ ዳር ያለችው ትንሽ ከተማ። አባቴ፣ እናቴና በሦስት ዓመት ከመንፈቅ የምትበልጠኝ እህቴ ዐሥር ዓመት ኖረውባታል። እኔ አንድም ቀን አልኖርኩባትም። ሲሄዱ ገና መራመድ የጀመርኩ ልጅ ነበርኩ። ደረቴ ሲር ሲር ስለሚል ሐኪሙ አቧራ አይሆናትም አለ፤ እነሱም አዘዞ አክስቴ ዘንድ አስቀምጠውኝ ሄዱ። ለጊዜው ነው ተብሎ ነበር። ለጊዜው የተባለው ዐሥር ዓመት ሆነ። በመካከሉ እናቴ ሁለት ጊዜ መጥታ አይታኛለች። ከዚያ እነሱ ዘንድ ጦርነት ተነሳና ሦስት ሻንጣ ይዘው በመተማ በኩል ገቡ። አባቴ ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ቤት ተከራየ፣ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ የስፌት መኪናውን ተከለ፣ እኔንም ከአዘዞ አመጡኝ። አብረን መኖር ከጀመርን ይኸው ሦስት ዓመታችን።

እውነቱን ልጻፍ፤ እቀናለሁ። ሰው በልብስ ይቀናል፣ በመልክ ይቀናል፣ እኔ የምቀናው በሙቀት ነው። ጠዋት ጠዋት ጎንደር ላይ ብርድ ጣቴን ሲያደነዝዘው እህቴ ሹራቧን እየጎተተች «እዚያ ቢሆን ይሄኔ በቀጭን ልብስ ነበርን» ትላለች። ብርዱን እንኳ ለኔ የተወችልኝ ይመስለኛል። እዚያ አስፋልቱ ላይ የቆመ ሰው ጫማው ተጣብቆ ይቀር ነበር። እዚያ በየበሩ ለመንገደኛ የሚቀመጥ የውኃ እንስራ ነበር፤ የማንም ይሁን የማን፣ የጠማው አስቁሞ የሚጠይቀው ሳይኖር ጠጥቶ ያልፋል። ትምህርት ቤቱ ጎህ ሲቀድ ተከፍቶ ፀሐይዋ ሳትከር ይዘጋል። አሸዋው ሲነሳ ቀኑ ይቀላና መብራት ይበራል፤ ካለፈም በኋላ ሳምንት ሙሉ ጥርስ ውስጥ ይገኛል። ይሄን ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ። ስንቴ ሰምቼዋለሁ!

እህቴ ተረከዟ ላይ ጠባሳ አላት። ልጅ ሆና ጫማዋን ሱቅ ረስታ በቀትር አሸዋው ላይ እየሮጠች ቤት ስትደርስ ያቃጠላት ነው። መጀመሪያ ያየሁት ቀን እግሯን ስትታጠብ ነበር፤ ሐምሌ ላይ፣ ቤቱ በዝናብ ድምፅ ተሞልቶ። ጠባሳውን አይቼ ቀናሁ። እኔ ያለኝ የክትባት ጠባሳ ነው፣ እሱ ደግሞ የክፍላችን ልጅ ሁሉ አለው።

ከሁሉ የሚብሰው ሳቃቸው ነው። ምሳ እየበላን አባቴ በመካከል «የጎረቤቷ ፍየል» ይላል፤ በቃ፣ ሌላ ቃል አይጨምርም። እናቴ ጉርሻዋን መልሳ ታስቀምጣለች፣ እህቴ ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች፣ ሦስቱም እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። እኔ አፌን ከፍቼ ከአንዱ ወደ አንዱ አያለሁ። ፍየሏ ምን ሆነች ብዬ ስጠይቅ እናቴ ልታወራልኝ ትጀምራለች፣ እህቴ ታቋርጣታለች። «ተይው እማ፣ ሲነገር አያስቅም። እሷ እኮ አልነበረችም።»

አልነበረችም። በቤታችን ውስጥ እንደዚህ ቃል የሚያቃጥለኝ የለም። የእናቴ ስልክ ላይ የእዚያ ፎቶዎች አሉ፤ ሁሉንም ቆጥሬ ከየፎቶው ጥግ ራሴን የምፈልግ ይመስል ስንት ጊዜ አያቸዋለሁ። ምን አደርጋለሁ፣ በዚያን ጊዜ አዘዞ የአክስቴን ዶሮዎች እያባረርኩ ነበር።

ዘንድሮ ግን አንድ ነገር ተለወጠ። ስለ አዘዞ ክረምት የጻፍኩትን የአማርኛ መምህራችን ለክፍሉ ጮክ ብለው አነበቡት። አንብበው ሲጨርሱ ማን ጻፈው ተብሎ ዘወር ዘወር ሲባል ጆሮዬ ሁሉ ጋለ። ከዚያ ቀን ወዲህ እጄ አላርፍ ብሎኛል፤ ባጃጅ ውስጥ እጽፋለሁ፣ እናቴ ሽንኩርት ክተፊ ስትለኝ በልቤ እጽፋለሁ። እንዲህ ደስ ብሎኝም አያውቅ። ታዲያ እጄ ከተፈታ ዘንድ ምን ልጻፍ? በረሃውን ነዋ። ለእህቴ ነገርኳት። መስታወት ፊት ሆና ፀጉሯን ትጎነጉን ነበር፣ አልዞረችም።

«ምኑን አውቀሽው?»

«ነግራችሁኛላ።»

«እንግዲህ የተነገረሽን ልትጽፊ ነው» አለች። «እንደ ዜና።»

ይህን ካለችኝ በኋላ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ እዚያ ከኖረ ሰው አፍ «ይቺስ ታውቀዋለች» እንዲባልልኝ። የእህቴ አፍ እንደማይለው አውቃለሁ። ሌላ ሰው ግን ሊለው ይችላል።

ኅዳር ላይ ያ ሌላ ሰው ሊመጣ ሆነ። እናቴ እዚያ ግድግዳ ለግድግዳ የኖሩ ጎረቤት ነበሯት፤ የአይከል ሰው ናቸው፣ እሳቸውም በጦርነቱ ወጥተው አሁን መተማ ሻይ ቤት ከፍተዋል። የፍየሏ ባለቤት እሳቸው ናቸው። ከተለያዩ ጀምሮ በስልክ እንጂ ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ሐሙስ በአሥር ሰዓት መናኸሪያ እደርሳለሁ ብለው ሲደውሉ እናቴ ስልኩን ይዛ ቤቱን ሦስት ጊዜ ዞረችው። ሐሙስ ዕለት ምግቡን አዘጋጅታ፣ ቤቱን ጠርጋ፣ እህቴን አስከትላ ልትቀበላቸው ወጣች። አባቴ ሱቁ ነው። እኔ ቤት ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ።

በረሃውን ከሚያወሩት ሁሉ እኔ የምወደው አንድ ልማድ አለ። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ሴቶቹ ግቢያቸው ላይ ውኃ ይረጫሉ። ቀኑን ሙሉ ሲጋገር የዋለው አሸዋ ውኃውን ሲቀምስ እፎይ የሚል ድምፅ አለው ትላለች እናቴ። አቧራው ይተኛል፣ ሽታው ይነሳል፣ ከዚያ መኝታና መቀመጫው ሁሉ ወደ ደጅ ይወጣል፣ እንግዳም ደጅ ነው የሚቀበሉት። ቤት ውስጥማ ማን ይቀመጣል፣ ምድጃ ነው። እናቴ ይህን ስትናገር ድምፅዋ ይለወጣል። ታዲያ እኔ ግቢው መሐል ብቻዬን ቆሜ፣ ከእዚያ የመጣን ሰው እዚያ እንደነበረው ብቀበለውስ ብዬ አሰብኩ። ውኃ ረጭቼ፣ ፍራሽ አውጥቼ፣ በሩን ስከፍትላቸው «ይቺስ» ይላሉ። እህቴ እዚያው ቆማ ትሰማለች።

እዚህ ላይ ስለ ውኃ ማስረዳት አለብኝ፤ የጎንደር ሰው ያልሆነ ሊያነበው ይችላል። ሰፈራችን ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ፈረቃውም የራሱ ፈቃድ አለው፤ ያን ሐሙስ ከመጣ ዐሥራ ሁለት ቀኑ ነበር። እናቴ ለእንግዳዋ ብላ የቆጠበቻቸው አራት ጀሪካኖች ከጓዳው በር ኋላ ተደርድረዋል። ከሩቅም ከቅርብም እንዳይነኩ ተነግሮናል።

አንድ ጣሳ ብቻ ነበር ሐሳቤ። አንዱ ጣሳ የትም አልደረሰ። ሁለተኛው የመጀመሪያው ያልነካውን እንዲነካ፣ ሦስተኛው ቀለሙ እንዲመሳሰል። ጀሪካኑ ሲያልቅ ግቢው ዝንጉርጉር ሆኖ አስጠላኝ፣ ሁለተኛውን አነሳሁ። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ከተራራው በኩል የሚነፍሰው ነፋስ እጄን ይቆርጠኛል፣ እኔ ግን በልቤ አርባ ዲግሪ ላይ ነኝ። ሦስተኛውን ስከፍት «እፎይ» የሚለውን ድምፅ እየጠበቅሁ ነበር። መሬቱ እፎይ አላለም። ጨቅ ጨቅ አለ። ከዚያ ሦስቱን ፍራሽ እየጎተትኩ አወጣሁ፣ ከሣጥን ነጩን አንሶላ አልብሼ ግራና ቀኝ አነጠፍኳቸው። በሩ አጠገብ ቆሜ ሳየው ቆንጆ መሰለኝ። ለመጻፍ ደብተሬን እንኳ አዘጋጅቼ ነበር።

የባጃጁ ድምፅ ተሰማ። በሩን ከፈትኩ።

መጀመሪያ የገባችው እናቴ ናት። ዓይኗ ፍራሾቹን አላየም፤ ግቢውን፣ ከዚያ ጓዳውን፣ ከዚያ በክፍቱ በር ባዶ የተጋደሙትን ሦስት ጀሪካኖች አየ። እንግዳዋ ከኋላዋ ተከተሉ፤ ወፍራም፣ ረጅም ሴት፣ የሱዳኑን ቶብ እንደ እዚያው ተጠቅልለው። አንድ እርምጃ ተራመዱ፣ ሁለተኛውን ሊደግሙ ሲሉ ጫማቸው ዋልካው ውስጥ ቀረና እግራቸው ባዶውን ወጣ። የቶባቸው ጫፍ ጭቃ ነካ። እህቴ እንግዳዋ ያመጡትን ሸቀጥ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«ምንድን ነው የሠራሽው?» አለችኝ።

«ረጭቼ ነው» አልኩ። «እንደ እዚያው።»

«እንደ እዚያው? እዚያ እኮ አሸዋ ነው፣ ይጠጣል። እዚያ እኮ ሙቀት ነው። በኅዳር ብርድ ጭቃ አቡክተሽ ፍራሽ ታነጥፊያለሽ?» ፍራሹን በጫማዋ ነካ አደረገችው፣ ውኃው በአንሶላው ላይ ወጣ። «ያልነበረ ሰው እንዲህ ነው።»

እናቴ ስለ ውኃው ተናገረች። ምን እንደተናገረች መጻፍ አልፈልግም፤ ልክ ነበረች። እንግዳዋ ከመንገድ ገብተው ለሰላት መታጠቢያ እንኳ ከአንዱ ጀሪካን መቆጠብ ነበረባቸው። ቁጣዋ ውስጥ ቆሜ መጀመሪያ ያፈርኩ መሰለኝ፣ ቀጥሎ ግን ያ ቃል፣ «ያልነበረ» የሚለው፣ አቃጠለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠይቄው የማላውቀውን በእንግዳ ፊት ጠየቅሁት።

«ታዲያ ምነው ጥላችሁኝ ሄዳችሁ?»

እናቴ የጀሪካኑን ክዳን ይዛ ታሽከረክረዋለች። እንግዳዋ አንድ እግራቸውን ባዶ እንዳደረጉ፣ ግድግዳውን ተደግፈው አዩኝ፤ ከእግሬ እስከ ራሴ፣ እንደሚለካ ሰው። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ።

«ይቺ ናት እንዴ ባለ አልጋዋ?»

እንግዳዋ እኔ እንዳላወቅሁ ገባቸው መሰለኝ፣ ጫማቸውን ከጭቃው ነቅለው ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው፣ ራሳቸው አወሩልኝ። እዚያ ማምሻ ማምሻውን እናቴ ግቢውን ከረጨች በኋላ የገመድ አልጋዎቹን ታወጣ ነበር። የሚተኙት ሦስት ናቸው፣ የምታወጣው ግን አራት። አራተኛው ትንሽ ነው፤ ከወንዙ በኩል የሚመጣው ነፋስ መጀመሪያ የሚያገኘው ቦታ ላይ ይቀመጣል። አንሶላ ይነጠፍበታል፣ ትራስ ይደረግበታል፣ ጠዋት ይገባል። መንገደኛው በአጥሩ አሻግሮ የማነው ይላል፣ እናቴ የታናሿ ነው ትላለች። እሳቸው አዲስ ጎረቤት ሆነው የገቡ ሰሞን ይህንን አይተው ልጅ የሞተባት መስሏቸው «አላህ ያጽናሽ» አሏት። እናቴ አንድ ወር አላናገረቻቸውም።

«ሰላም ስላት ፊቷን ታዞርብኛለች» አሉ እንግዳዋ። «በሕይወት ያለች ልጄን ምነው ታሟርችብኛለሽ ብላ ያናገረችኝ፣ ፍየሌ አጥሯን ጥሳ የልጅቱን ትራስ የበላች ቀን ነው። ትራሱን ከአፏ ስንቀማ ታረቅን።»

ለካ የፍየሏ ነገር ይሄ ነው። እኔ ፊት ለምን እንደማይወራም ገባኝ። አሁንም አንድም ሰው አልሳቀም፤ የኔ ሳቅ ግን አፌ ዳር መጥቶ ነበር።

ከዚያ እህቴ ተናገረች። ሸቀጡን መሬት አስቀምጣ፣ ለእንግዳዋ እንጂ ለኔ እንዳልሆነ ሁሉ ወደ ሌላ እያየች።

«ከግቢው ሁሉ የሚሻለው ቦታ እሱ ነበር። በላብ ስጠመቅ፣ እማ አንዴ ብቻ እዚያ ልተኛ እላታለሁ፣ የሰው አልጋ ነው ትለኛለች። የማን ሰው? ያለችው አዘዞ ነው፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ። ነፋሱ ባዶ አልጋ ላይ እየነፈሰ እኔ ግድግዳ ሥር እቃጠላለሁ።» እዚህ ላይ ወደ እኔ ዞረች። «አታውቂም እንዴት እንደጠላሁሽ።»

ይህ በዕድሜዬ ከተነገረኝ ሁሉ ደስ ያለኝ ነገር ነው። ነውር ሊሆን ይችላል፣ ግን ደስ አለኝ። ዐሥር ዓመት ሙሉ፣ ሳላውቀው፣ እህቴ ስትቀናብኝ ኖራለች! ጭቃው መሐል ቆሜ ፈገግታዬን ለመደበቅ ፍራሹን ለማንሳት አጎነበስኩ። እናቴም በሌላው በኩል አጎነበሰች። ፍራሹን አብረን ስናነሳ ፊቷ አጠገቤ ነበር፤ «አንሶላውን አባትሽ በየዓመቱ ያስረዝመው ነበር» አለችኝ፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ እና ፍራሹን ተሸክማ ገባች።

አባቴ ከሱቅ ሲመለስ ጠየቅሁት። እሱ ሲጠየቅ ያፍራል፤ ቆቡን አውልቆ መልሶ አደረገው። ልጅ ያድጋል፣ አንሶላ አያድግም፣ ታዲያ ምን ይደረግ አለ። ለካ አክስቴ በየኢዱ በር ላይ አቁማ በልብስ ሜትር ስትለካኝ የነበረው ለዚህ ነው። እኔ የኢድ ቀሚስ ሊሰፋልኝ መስሎኝ በጣቶቼ ጫፍ ቆሜ ተለክቼ፣ ቀሚሱ በሌላ ልክ ሲመጣ ግራ ይገባኝ ነበር። እሷ ቁጥሩን በስልክ ትነግረዋለች፣ እሱም እዚያ ጨርቅ ይቀጥላል። በጣቶቼ ጫፍ የቆምኩባቸው ዓመታት አንሶላው ሳይረዝም አልቀረም። የት ነው አሁን ስለው፣ አልጋውም እሱም እዚያው ቀሩ፣ በሦስት ሻንጣ ምን ይዘን እንወጣለን አለኝ።

ያን ቀን በሌላ ሰው ቀናሁ። እዚያ በነበረችው በኔ። ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ላይ በየምሽቱ አልጋ የሚዘረጋላት፣ ፍየል ትራሷን የበላችባት፣ ስለ እሷ ጎረቤት ለጎረቤት የተኳረፈላት ልጅ። እኔ አዘዞ በአክስቴ ጀርባ በኩል ግድግዳ ላይ ተጣብቄ ስተኛ እሷ እዚያ ነበረች። ሁሉን አይታለች። አሁን ደግሞ በዚያ አልጋ ላይ ማን ይሆን የሚተኛው? የማላውቀው ሰው እግሩን ዘርግቶበት ከሆነ አላህ ይይለት።

እንግዳዋ አራት ቀን ቆዩ። ይቺስ ታውቀዋለች አላሉኝም፤ ስሄድ ስመለስ ግን «ባለ አልጋዋ» ይሉኛል፣ ቶባቸው ላይ ያለውን ጭቃም ሲደርቅ በጥፍራቸው እየፋቁ ይስቁብኛል።

ግቢውን በረጨሁ ማግስት፣ ዓርብ ጠዋት፣ እናቴ ያፈሰስሽውን ሙይ ብላ ሦስቱን ባዶ ጀሪካን ሰጠችኝ፤ እህቴንም አብራ ላከቻት፣ አፍሽ አላርፍ ስላለ ብላ። ከታች ሰፈር ያለው ቦኖ ጋ ወረፋው እስከ መንገዱ ደርሷል። ጀሪካኖቻችንን ደርድረን ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። እህቴ ኩርፊያዋ አልለቀቃትም፣ እኔ ደግሞ ጥያቄ አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ያደርኩት፤ እንደ እሷ ዓይነት ሰው ዐሥር ዓመት አልጋ ተከልክላ ዝም ብላ አትኖርም።

«አንድም ቀን ሳትተኚበት ቀረሽ?»

ወረፋው አንድ ጀሪካን ተንቀሳቀሰ፣ በእግራችን ገፋን።

«ሁለቱን ሙሉ ጀሪካን እስከ ቤት የምትሸከሚ ከሆነ እነግርሻለሁ» አለች።

እሺ አልኩ።

አንድ ቀን ብቻ፣ እናቴ እስክትተኛ ጠብቃ፣ በጣቷ ተራምዳ ሄዳ ጋደም ብላበታለች። ትንሽ ቆይቶ እናቴ ነቃች፣ ክንዷን ይዛ ወደ ራሷ አልጋ መለሰቻት፣ ጠዋትም አንሶላውን አጠበችው።

«እና እንዴት ነበር?»

እህቴ ከወረፋው ማዶ ወዳሉት ቤቶች አየች።

«ምንም አልነበረውም» አለች። «ገመዱ ይቆረቁራል። ነፋሱም እንደሚመስለው አይደለም፣ ዓይን ውስጥ አሸዋ ይጨምራል። እንኳን አልተኛሽበት።»

ውሸቷን ነው። ፊቷን አይቻለሁ፣ ስታስበው አንገቷ ሁሉ ላላ ብሎ ነበር። ያን አንድ ጊዜ ለኔ ላለማካፈል ደብቃኝ ነው፣ እኔም በቦታዋ ብሆን እደብቅ ነበር። ሁለቱን ጀሪካን ዳገቱን ተሸክሜ ወጣሁ፤ ትከሻዬ እስካሁን ያመኛል። ቤት ገብቼ ደብተሬን ከፈትኩና እሷ ያለችውን አንድ ቃል ሳልቀንስ ጻፍኩ፣ ገመዱንም አሸዋውንም። ከሥሩ ደግሞ አልጋው የኔ ነውና፣ ነፋሱ ከወንዙ ማዶ ቀዝቅዞ መጣ ብዬ ጻፍኩ።